ለትግል ሽማግሌ የላኩት አሠልጣኝ

አሠልጣኝ ደምሴ ይመር ባለፈው እሑድ፥ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ፥ በመካነ ሰላም ቤታቸው ዐርፈዋል። ወሬው ወግዲ ላሉ ዘመዶቻቸው ሳይደርስ ያሠለጠኗቸው ሴቶች ልጆች ግቢውን ሞልተውት ነበር። የንስሐ አባታቸውም ጎረቤታቸውም ነበርሁና፥ ለምታውቋቸው ሁሉ ጥቂት ላውጋችሁ።

ደምሴ በጥምቀት ሜዳ ትግል ስማቸው የወጣ ጎረምሳ ነበሩ። በውትድርና ዘመናቸውም ነጻ ትግል ተምረው ለክፍለ ጦራቸው ተወዳደሩ። ጦሩ ሲበተን ጉልበታቸው ተጎድቶ እያነከሱ ወደ አገራቸው ገቡ። ያዕቆብ ከመልአክ ጋር ታግሎ ማንከሱን ባነሣሁባቸው ጊዜ፥ «እሱስ ተባርኮበታል፥ አባ፤ እኔ በከንቱ ነው ያነከስሁት» ብለው ሣቁ።

በከተማችን ኮሌጅ የስፖርት ዕቃ ጠባቂ ሆኑ። ኮሌጁ የሴቶች የትግል ቡድን ሲያቋቁም አሠልጣኝ ጠፋ፤ ሥራው ለእርሳቸው ተሰጠ። ልጆቹ ወደዱት፤ ወላጆች ግን ተቆጡ። ከተማሪዎቹ የበረታችው ከድጃ ነበረች። አባቷ ሼህ ሰይድ ልጆችን ቁርአን እያስቀሩ የሚያስተምሩ የተከበሩ ሰው ናቸውና፥ ነገሩን ሲሰሙ ከትምህርቷም ሊያስወጧት ቆረጡ። እርሷ ከወጣች ቡድኑ እንደሚፈርስ ደምሴ ዐወቁ።

ያን ጊዜ እንደ ጋብቻ ወግ ሽማግሌ ላኩ። እኔና ሁለት አዛውንት ሄድን፤ እርሳቸውም ተከተሉን። «ልጅዎን ልንለምን መጥተናል» አልን።

ሼህ ሰይድ «መርሐባ» ብለው አስቀመጡንና፥ «ለመሆኑ ሙሽራው የማን ልጅ ነው?» አሉ።

«ሙሽራ የለም፥ ሼኽዬ፤ ለትግል ነው» አሉ ደምሴ።

«ለትግል! አባ፥ አንቱም ጥምጥምዎን አሳምረው ለዚህ ነው የመጡት?»

እኔ እጄን ወደ ጥምጥሜ ሰደድሁ። ደምሴ ግን፥ «ልጅ ያለ አባት ፈቃድ አይወሰድም። እንቢ ካሉ እኔው ራሴ አሰናብታታለሁ» አሉ።

«እጅዎ ይነካታል?»

«አይነካትም።»

«ሳይነኩ በምን ያስተምራሉ?»

«በአፌና በጆንያ።»

ሼኹ ወደ ጓዳ ዞረው፥ «አንቺስ ሰማሽ?» አሉ።

«ሰማሁ፥ አባዬ። ለባል ከመጡብኝ ይኸው ይሻለኛል!»

ሼኹ ሣቃቸውን መግታት አቃታቸው። «እንግዲያስ ቃላችሁን አላህ ይስማው፤ ትማር» አሉ።

ደምሴ ገለባ የተጠቀጠቀበት ጆንያ እያቀፉ አያያዙን ያሳያሉ፤ ልጃገረዶቹም እርስ በርሳቸው ይለማመዳሉ። ከመጣል አስቀድመው መውደቅን ያስተምሩ ነበር፤ «መውደቅን ያልቀመሰ፥ ሲጥል ይጨክናል» ይሉ ነበር። ተጋጣሚዋን ጥላ ሳታነሣ የሄደችውንም ብታሸንፍ እንኳ አያመሰግኗትም።

ደሴ ላይ በተደረገ ውድድር ከድጃ እግሯ ዞሮ ወደቀች። ደምሴ ሮጠው ደረሱ፤ እጃቸውን ዘረጉ፤ መልሰውም ሰበሰቡት። ከአጠገቧ ተንበርክከው እያጽናኑ ጓደኞቿን ጠርተው አስነሧት። ከድጃ ይህን ለአባቷ ስትነግራቸው፥ ሼህ ሰይድ ኮሌጁ ድረስ መጡ። «ከእንግዲህ ስትወድቅ ያንሷት፤ ያንቱም ልጅ ናት» አሏቸው። ደምሴን ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ወንድሜ ደምሴ፥ በቀብርዎ ዕለት ሼህ ሰይድ ከአጠገቤ ቆመው ነበር። ከድጃም ዛሬ በእርስዎ ቦታ ታሠለጥናለች። ትናንት አንድ አባት ከደጎሎ ልጁን ይዞ እርስዎን ፈልጎ መጣ። ማረፍዎን ስነግረው ጋቢውን ወደ ዐይኑ ሳበ፤ ልጅቱን ግን ይዟት አልተመለሰም፤ ለከድጃ አደራ ብሎ ትቷት ሄደ። እኛም እርስዎን ለፈጣሪ አደራ ሰጥተናልና፥ በሰላም ይረፉ።