ታላቄ ሞተች

ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ላይ ሳሉ፣ እኔ ዲላ ውስጥ ለሰው ማመልከቻ እየጻፍኩ እኖር ነበር። ከአውራጃው ፍርድ ቤት ፊት ለፊት፣ የአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት በርጩማ ነበረኝ። አለቃም ሠራተኛም እኔው ነበርኩ። እኔ ካልመጣሁ ጠረጴዛው ብቻውን ይውላል።

ጓደኛዬም የጀመረው ከጎኔ በአንድ ጠረጴዛ ነው። ፊደል የቆጠርነው አንድ ቄስ ዘንድ ነው፣ እጅ ጽሑፉ ግን ከእኔ የባሰ ነበር፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ኋላ ክፍል ተከራየ፣ ታፔላ ሰቀለ፣ ታይፕ ገዛ፣ ሁለት ጸሐፊዎች ቀጠረ። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ደግሞ አንድ ሰው አቁሞ ባለጉዳይ ከመኪና ሲወርድ ወደ ቢሮው ያስመራው ነበር።

እኔ ማንንም አልጠራም። ከኮንጋ ገጠር አንዱ መጥቶ ጉዳዩ ከቀናው፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ያወራልኛል፤ በሚቀጥለው አማቹ ይመጣል። እንዲህ ነው ደንበኛ የማገኘው። ክረምት ሲሆንና ሰው ሲጠፋ፣ በጭነት መኪና ተሳፍሬ ፍስሐ ገነት ገበያ እወርዳለሁ።

«ሰው ለእጅህ ብሎ ከመጣ፣ የታመምክ ዕለት ሰው የለህም» ይለኝ ነበር ጓደኛዬ። «ለበሩ ብሎ ይምጣ። በር አይታመምም።»

«በር ሰው አያውቅም» እለው ነበር እኔም። ይስቅብኛል። ኩራተኛ ነበርኩ።

ከደንበኞቼ ሁሉ የማከብራቸው አንድ የኮንጋ ሽማግሌ ነበሩ። መጀመሪያ የመጡ ዕለት በርጩማው ላይ ቁጭ ብለው፣ «ታላቄ ሞተች። ቡናዋን አብረን ነው የተከልናት። አሁን ጌታዋ መሬቱ የኔ ነው አለች» አሉኝ።

«እህትዎ ናት የሞተችው?» አልኩ።

ሳቁ። «ወንድሜ ነች።»

አማርኛ ለእሳቸው የገበያና የፍርድ ቤት ቋንቋ ነው፤ እሱን እና እሷን እንደመጣላቸው ነው የሚሉት። እኔንም «ጸሐፊዋ» ነበር የሚሉኝ። በሆዴ እስቅ ነበር። እኔ ግን በአገራቸው ያን ያህል ዓመት ኖሬ በጌዴኦኛ እስከ አሥር መቁጠር አልችልም ነበር። የሚሳቅበት ማን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ታላቅ ወንድማቸው ልጅ ሳይወልዱ ሞቱ። አጠገባቸው ያለው ባለመሬት «ወራሽ የለውም» ብሎ ቡናውን ሊወስድ ወረዳ ፍርድ ቤት ከሰሰ። መልሱን ጻፍኩላቸው፤ አንብቤ ሳላሰማ ጣት አስነክቼ ስለማላውቅ፣ ቃል በቃል አሰማኋቸውና በጣት አሻራቸው ፈረሙ። ወረዳው ፈረደባቸው። ለአውራጃው ይግባኝ ማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ረቡዕ ነበር።

«ረቡዕ ጠዋት ይምጡ አባባ። እጠብቅዎታለሁ» አልኩ።

ማክሰኞ ፍስሐ ገነት ያለ አንድ ቡና ነጋዴ ውል እንድጽፍለት ላከብኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድም ሰው በርጩማዬ ላይ አልተቀመጠም ነበር። ማታውኑ እመለሳለሁ ብዬ ሄድኩ። ዝናቡ ጣለ፣ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሰመጠ፣ ዲላ የገባሁት ሐሙስ ነው።

የሆነውን ባለሱቁ ነገረኝ። ሽማግሌው ከጠዋት ጀምረው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ዋሉ። የጓደኛዬ ሰዎች ወደ ቢሮው ሊወስዷቸው ሲመጡ፣ «ጸሐፊዋ ትመጣለች» ብለው እምቢ አሉ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጓደኛዬ ራሱ ወጥቶ፣ «አባቴ፣ ፍርድ ቤቱ ሊዘጋ ነው» ብሎ እጃቸውን ይዞ አስገባቸው። ከአዲስ አበባ የመጣው ቅጥር ጸሐፊው እየጠየቀ በታይፕ መታላቸው። ሰልፉ ረጅም ስለነበር ሳያነብላቸው ጣት አስነክቶ፣ መዝገብ ቤቱ ሳይዘጋ አስገባላቸው።

ጓደኛዬን አመሰገንኩት፤ ከልቤ ነው። በሩ ክፍት ባይሆን ኖሮ ቀኑ ያልፍ ነበር። ግልባጩን ግን ልየው አላልኩም። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ሽማግሌው ሁለት ወረቀት አጥፈው ይዘው መጡ። አንዱ ይግባኙ፣ ሌላው ውሳኔው። «ውድቅ አለች። ሌላው አልገባኝም። አንብቢልኝ» አሉ።

ይግባኙን ማንበብ ጀመርኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ «ታላቅ እህቴ» ይላል። ውሳኔውን ገልበጥ አድርጌ አየሁት። ይግባኝ ባዩ ወረዳው ላይ ወንድሜ ያለውን እዚህ እህቴ ብሏል፤ ስለዚህ ቃሉ የሚታመን አይደለም ይላል።

ቅጥር ጸሐፊው የሰማውን ነው የጻፈው። የእሳቸው «ሞተች» ምን ማለት እንደሆነ በከተማው የሚያውቅ አንድ ጸሐፊ ነበር፤ እሱም ረቡዕ ዕለት ለሌላ ደንበኛ ብሎ በሄደበት ቀርቶ ነበር።

ፈራሁ። እውነቱን ነው የምለው፣ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። «ታላቅ ወንድሜ» ብዬ አነበብኩላቸው። ውሳኔውንም «ማስረጃው አልበቃም» ብዬ አሳጠርኩት።

በእያንዳንዱ ቃል ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። «ያልኳት ይቺው ናት» አሉ። «ዳኛዋ ናት እንግዲህ የበደለችኝ። ከዚህ በላይስ አለች?»

«አዲስ አበባ ጃንሆይ ራሳቸው የሚያዩት ዙፋን ችሎት አለ» አልኩ።

«እውነቷን ተናግሬ ካልሰሙኝ፣ እዚያ ሄጄ ምን ልጨምር?» ብለው ወረቀታቸውን አጥፈው ተነሡ።

ስህተቱ የወረቀቱ መሆኑን ቢያውቁ፣ በእግራቸውም ቢሆን ይሄዱ ነበር። ይህን ያኔም አውቄዋለሁ፤ ሲሄዱም ዝም ብዬ አይቻቸዋለሁ።

በዚያ ዓመት ቡናውን የባለመሬቱ ሰዎች ለቀሙት። የእኔ በርጩማ ግን ከዚያ ወዲያ ሰው አጥቶ አያውቅም፤ ከኮንጋም ከኢዲዶም ይመጡ ነበር። ማን እንደላካቸው ስጠይቅ የሽማግሌውን ስም ይጠሩልኛል። «ሌላው ጋ አትሂዱ፣ የተጻፈውን እንደተጻፈ የምታነበው እሷ ናት ብላናለች» ይሉኛል። አንድም ቀን፣ ለአንዳቸውም፣ እውነቱን አልነገርኩም።