አዲስ ሣር እስኪጠፋ

በጥጡ ዘመን አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ሥራዬ ሣር መቁጠር ነበር። ቀልዴን አይደለም፤ ደሞዝ ይከፈለኝ ነበር። ሜዳው በትራክተር ታርሶ ጥጥ ሊዘራበት ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ምን ምን እንደበቀለበት ይታወቅ ተብሎ ተቀጠርኩ። መሣሪያዬ መስኮት የሚመስል ባዶ የእንጨት ፍሬም ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ወደ ኋላዬ እወረውረዋለሁ፤ በወደቀበት ውስጥ ያለውን በየዝርያው እለያለሁ፣ ከየዝርያውም ስንት እንዳለ እቆጥራለሁ። ዓይን የሚጨፈነው ሰው ካየ የሚያምረውን ስለሚመርጥ ነው። እኔ እንኳን አይቼም መምረጥ አላውቅበትም፤ ለዚህ ሥራ የተፈጠርኩ ነበርኩ። አንድ ብቻ የተገኘውን «ነጠላ» እንለዋለን። እኔም በሠፈሩ ነጠላ ነበርኩ፤ የሚቆጥረኝ ግን አልተቀጠረም።

ፍሬሙን ተሸክሜ ሳልፍ፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ሻይ ቤት ያላት የወሎ ሴት ትጠብቀኛለች።

«አንተ፣ ዛሬም መስኮቱን ብቻ ነው የያዝከው? ቤቱ መቼ ነው?»

«መጀመሪያ የሚያይበት ሰው ይገኝ ብዬ ነው።»

«ወላሂ፣ ከንፋስ በቀር ማንም አያይበትም!»

የባቡር ሠራተኞቹ ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። ከሰው ጋር የማወራው በቀን ያችኑ ነበር። ላገባት እንደምፈልግ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ እሷም ጭምር።

ችግሩ፣ ሥራው ማለቂያ ነበረው። መጀመሪያ ላይ ፍሬሙ በወደቀ ቁጥር አዲስ ዝርያ ይገኛል፤ እየቆየ ግን ይሳሳል። ደጋግሜ ወርውሬ አዲስ ነገር ካጣሁ የዚያ ሜዳ ሀብት ታወቀ ማለት ነውና ወደ ሌላ ቦታ መዛወር ነው። ሌላው ቦታ ደግሞ ታች፣ ሰርዶ በምትባለው መንደር አካባቢ ያለው በረሃ ነበር። ዛሬ ሰመራ ያለችበት አገር ያኔ ድንጋይና ንፋስ ነው። ስለዚህ በየማለዳው ፍሬሙን የምወረውረው ሎተሪ እንደሚቆርጥ ሰው ነበር።

አዲስ ከጠፋ ሰንብቶ፣ አንድ ቀን ቅጠሉ ደቃቃ፣ መሬት ለመሬት የተነጠፈ ሣር አገኘሁ። በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ አለቃዬ በረርኩ። አለቃዬ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ በዕድሜ እኩያዬ የሆነ የዕፅዋት ባለሙያ ነው።

«አዲስ ዝርያ ነው» አልኩት።

«አበባውስ?»

«ቅጠሉን እየው እንጂ!»

«ቅጠሉን ተወው። ውሃ ሲያገኝ ይሰፋል፣ ሲጋጥ ያንሳል። የምንለየው በአበባና በፍሬ ነው።» በማጉያ መነጽሩ ሥሩ ድረስ ፈልጎ አንዲት የተደበቀች አበባ አገኘ። «ይችን የጋጠው ግመል ረስቷታል። ይኼማ ከመጀመሪያው ቀን የምታውቀው ሣር ነው፤ ተግጦ ነው።»

አየሁት። እውነቱን ነው።

«የተጋጠውንና ያልተጋጠውን ሁለት ካልከው፣ እኔንም ከምሳ በፊትና ከምሳ በኋላ ሁለት ሰው ልትለኝ ነው» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎም «እዚህ አልቋል። ነገ ወደ ታች የሚወርድ የጭነት መኪና አለ፤ ተሳፈር» አለኝ።

ሻይ ቤቱ ስደርስ ባቡሩ ገና ስለነበር ሰው የለም።

«ነገ ወደ በረሃ ልሄድ ነው» አልኳት።

የያዘችውን ጨርቅ አስቀምጣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። እንዲህ ስትቀመጥ አይቼ አላውቅም።

«ምነው? ምን ተገኘ?»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን የግመሉ ነገር ነው። ቅጠል ለምን እንደማይታመን፣ አበባ የት እንደሚፈለግ፣ ሁሉንም ዘረዘርኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ሌላ የምትለው የለህም?»

«የለኝም።»

ያልጨረስኩትን ብርጭቆ አንስታ ቆመች። «በል እንግዲህ፣ አላህ በሰላም ያግባህ።»

በረሃው ላይ ፍሬሙ የሚወድቀው ጠጠር ላይ ነበር። ባዶም ቢሆን ይጻፋል፤ ደንቡ ነው። የመጀመሪያውን ባዶ ከጻፍኩ በኋላ ቀና ብዬ ዙሪያዬን አየሁና «ሌላ የምለው አለኝ!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ድምፄ እንዲያ የሚያምር መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።