የወተት ጣሳው ቁልቋል

አባቴን ከወልቂጤ ወዲያ ካለው ገጠር ያመጣኋቸው እናቴ በሞተች በስምንተኛው ወር ነው። በዚያ ሰፊ ቤት ብቻቸውን ሲንጎራደዱ ማሰብ አላስቻለኝም። እኔም ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን ነኝ፤ አንድ ክፍል ባዶውን ተቀምጧል። እኔ ጋ ይቅሩ፣ እዚሁ ልጡራቸው፣ ሐሳቤ ይኸው ብቻ ነበር።

ግን ዕድሜ ልካቸውን እንሰትና ጎመን ሲኮተኩቱ የኖሩ ሰው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ምን ይሥሩ? ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ ተቀምጠው የታክሲ ረዳቶች ሲጣሩ ይሰማሉ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አየር ጤና መንገድ ዳር ከምትቀመጥ ችግኝ ሻጭ ፊት አንድ ተክል አየሁ። ነጭ ቀለም በተቀባ የወተት ጣሳ ውስጥ ነው የተተከለው። ቅጠሉ ጠፍጣፋ ነው፤ አንዱ በአንዱ ጫፍ ላይ እየተቀጠለ ወደ ታች ይወርዳል፤ መጨረሻው ላይ ደማቅ ሮዝ አበባ ተንጠልጥሏል። "ቁልቋል ነው፣ አበባ የሚያወጣው ዓይነት" አለችኝ ሻጯ። ለአባባ ሥራ ይሆናቸዋል ብዬ ገዛሁት።

ደስ አላቸው። ጣሳውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ግራ ቀኝ አገላብጠው አዩት። ከጫፉ ትንሽ ቀንጥሰው በጣታቸው አሹና አሸተቱት።

"ይሄ የኛ ቁልቋል አይደለም" አሉ። "እሾህ የለው፣ ወተት የለው። ጥላ ውስጥ ያደገ ነገር ነው። ውሃ ይፈልጋል።"

እኔ እንግዲህ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ። የበረሃ ተክሎችን ለስድስተኛ ክፍል ልጆች በየዓመቱ አስተምራለሁ። በስልኬ ፎቶ አንስቼ ፈለግሁት፤ ካክተስ ነው አለኝ። ካክተስ ፀሐይ ይወዳል፣ ውሃ ይገድለዋል፤ አለቀ። ከዚያ በታች የተጻፈውን ለማንበብ እንኳ አልታገስኩም።

"አባባ፣ ይሄ የበረሃ ነው። ውሃ እንዳያስነኩት፣ ይበሰብሳል። ደግሞስ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ቤት!"

"እሺ" አሉ። አባቴ ክርክር አይወዱም። እኔ ደግሞ ካልረታሁ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ይሄን ከእናቴ ነው የወረስኩት።

ጣሳውን ወስጄ የበረንዳው ጠርዝ ላይ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት። በወር አንድ ሲኒ ውሃ ራሴ እሰጠዋለሁ አልኩ። ሥራ ይሆናቸዋል ብዬ የገዛሁትን ተክል በማግስቱ ከእጃቸው ቀማኋቸው ማለት ነው። ያን ጊዜ ግን እንዲህ ሆኖ አልታየኝም።

ዓመት አብረን ኖርን። ከሥራ ስገባ ጉንጬን ይዘው ሲስሙኝ እጃቸው ሁሌ እርጥብ ነው። የሳሙና ሽታ ግን የለውም።

"አባባ፣ ያለ ሳሙና መታጠብ ምን ይረባል? ጀርሙ አይለቅም እኮ!" እያልኩ እንደ ተማሪዎቼ እቆጣቸው ነበር።

"እርጅና ነው፣ እረሳዋለሁ" ይሉና ይስቃሉ።

በዓመቱ፣ ኅዳር ላይ፣ ተክሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አበበ። እጃቸውን ይዤ በረንዳ ወሰድኳቸው። "አዩልኝ? ውሃ ብንሰጠው ኖሮ ይሄኔ በስብሶ ነበር!"

"እውነትሽን ነው ልጄ" አሉኝ።

በዚያው ሰሞን አገሬ ልግባ አሉ። "ቤትሽ ምንም አይጎድለውም። እኔ ግን እጄ ሥራ ፈታ።" አኮረፍኩ። ምን አጎደልኩባቸው ብዬ ተከፋሁ እንጂ፣ ምን ቢኖርዎት ይቀመጣሉ ብዬ አልጠየቅኳቸውም። አየር ጤና መናኸሪያ ድረስ ወስጄ አውቶቡስ ላይ ሳሳፍራቸውም ፊቴ እንደጠቆረ ነበር።

ሦስት ወር ሳይሞላ ተክሉ ቀላ፣ ቀጥሎም ተጨማደደ። የወር ሲኒውን አላጓደልኩም። ግራ ቢገባኝ አንዱን ቅርንጫፍ በፌስታል ይዤ ሻጯ ዘንድ ሄድኩ።

"ውይ! ማነው ፀሐይ ላይ ያሰጣው?" አለች ገና ስታየው። ካክተስስ ካክተስ ነው፣ ግን የጫካ ነው አለችኝ፤ ዛፍ ላይ፣ ጥላ ውስጥ ነው የሚበቅለው፤ አፈሩ ደረቅ ባለ ቁጥር ውሃ ይፈልጋል። ኅዳር ላይ እንዳበበ ስነግራት ሳቀች። "እንግዲያው የሚያጠጣው ሰው ነበረዋ!"

ቤት ገብቼ በረንዳውን ጥግ ለጥግ አየሁት። ውሃ ከማጠራቅምበት በርሜል ጀርባ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ፣ ሲሚንቶው ላይ የዝገት ክብ ታትሟል። አንድ አይደለም፤ ክብ በክብ ላይ ተደራርቧል፤ ስፋቱ የወተት ጣሳው ልክ ነው። እኔ ስወጣ ወደ ጥላው፣ እኔ ልገባ ስል ወደ ጠርዙ፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ዓመት ሙሉ ሲያመላልሱት ኖረዋል። በገዛ ልጃቸው ቤት፣ ለራሳቸው የተገዛ ተክል ለማጠጣት ተደብቀው። እዚያው በርሜሉ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ ደወልኩላቸው።

"አባባ፣ ውሃውን ከየት ነበር የሚያመጡት?"

ሳቁ። "ከበርሜሉስ አልነካሁም። የእጄን መታጠቢያ ነው። ለሱ ብዬ እኮ ነው ሳሙናውን የተውኩት፤ ለተክል አይሆንም።"

"ይመለሱልኝ አባባ። በረንዳው በሙሉ የእርስዎ ይሁን። እንደፈለጉ ይትከሉበት፣ እኔ አፌን አልከፍትም።"

"አሁንማ ጎመን ተክያለሁ ልጄ። ለማን ትቼው እመጣለሁ?"

"ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው።

"ነገርኩሽ እኮ" አሉኝ፣ ምንም ቅር ሳይላቸው። "ያመጣሽው ዕለት።"