ስሙ የተቆረጠ ሙሾ

ወሰንየለሽ በሮቢትና በዙሪያው የታወቀች ሙሾ አውራጅ ናት። እሷ ካልቆመች የለቀስተኛው እንባ አይወርድም ይባልላታል። ሠላሳ ዓመት የሰው ሬሳ ስትሸኝ አንድ ሕግ ነበራት፤ ለአንዱ ሟች ያወረደችውን ግጥም ለሌላው አትደግምም። "ልብሱ ነው፤ ለብሶት ይሂድ" ትላለች።

ባሏ አያሌው የሞተ ዕለት ዘመዶቹ ከዋጃ ሌላ አውራጅ እንጥራ ቢሉ እምቢ አለች። አያሌው ክረምት ላይ ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ወደ ማሽላ ማሳ የሚመልስ፣ የጎርፍ ድምፅ ሲሰማ ምሳውን ጥሎ አካፋ ይዞ የሚሮጥ ሰው ነበር። ልጅ አልወለዱም። ማን ያልቅስለት? ራሷ ቆመች።

*የደጋውን ጎርፍ በክንድህ ስትገታው፣*
*አያሌው፣ ይህን ሞት ባንተ ላይ ማን ፈታው?*

ሰው ሁሉ ተንሰቀሰቀ። እሷ ግን አላለቀሰችም፤ አውራጅ ካለቀሰች ግጥሙ ይሰበራል።

የአያሌው የእህት ልጅ ካሳ ይህን በቻይና ሞባይሉ ቀዳው። እናቱ ጅዳ ሰው ቤት እየሠራች በወንድሟ ቀብር አልተገኘችም። "ድምፁን እንኳ ትስማው" ሲል ወሰንየለሽ ፈቀደች። ካሳም ሚሞሪውን ወደ ጅዳ ከመላኩ በፊት ቆቦ መናኸሪያው አጠገብ ዘፈን ለሚጭነው ለዘይኑዲን ወሰደው፤ ለእናቱ ጥቂት ዘፈን እንዲጨምርበት ብሎ። ዘይኑዲን ደግሞ ልማድ አለው፤ እጁ በገባ ሚሞሪ ላይ ያገኘውን ሁሉ ለራሱ ኮምፒውተር ያስቀራል። አዲስ ነገር የሚያገኘው እንዲያ ነው።

መንፈቅ ሳይሞላ ወሰንየለሽ ቆቦ ገበያ ውላ ባጃጅ ተሳፈረች። ሾፌሩ የሆነ ነገር ከፈተ። መጀመሪያ አንዲት ሴት ከኋላ የምትጣራ መሰላት። ቆይታ ድምፁ የራሷ መሆኑን አወቀች። ግጥሙ የባሏ ስም የሚጠራበት ቦታ ሲደርስ ስሙ የለም። እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት ሆኖ አለፈ።

"ይህን ከየት አመጣኸው?"

"ከዘይኑዲን ነዋ! የማያስለቅሰው የለም። እናቱ የሞተችበትም ይሰማዋል፣ ፍቅረኛው የከዳችውም ይሰማዋል" ብሎ ሳቀ።

"መልሰኝ፤ እዚያው አድርሰኝ።"

ዘይኑዲን ገና "እንደምን ዋልክ" ስትለው ድምፅዋን ለየው። ከወንበሩ ተነሣ።

"እማማ ወሰንየለሽ! አንቱ ኖት? ይቀመጡ በአላህ።"

"ስሙን ምን አደረግኸው?"

አንገቱን አከከ። "ቆረጥኩት። ስም ካለበት የአንድ ሰው ብቻ ይሆናል፤ ሌላው አያስጭነውም።"

"የአንድ ሰው ነዋ!"

"ወላሂ ለክፋት አይደለም፣ እማማ። እኔ ማንን አስፈቅጄ አውቃለሁ? እዚህ ኮምፒውተሬ ውስጥ ያሉት ዘፋኞች ቆቦ የት እንዳለች እንኳ አያውቁም። ጋሽ አያሌውስ ሞባይላቸውን ዘፈን የሚያስሞሉት የት ነበር? እዚሁ አይደል?"

እውነቱን ነው። አያሌው ከማሳ ሲመለስ ድምፁ እንዲጎላ ሞባይሉን ጣሳ ውስጥ ይከተዋል፤ እሷም ጎመን እየቀነጠሰች ትሰማለች። ትቷት ስለ ሄደ ሰው የምታዜም አንዲት ሴት ነበረች፤ ዘፈኗን ደጋግሞ ይከፍተዋል። ያቺ ሴት ማን ናት? ሰውየውስ ስም ነበረው? አንድ ቀን ጠይቃ አታውቅም።

"አጥፋው" አለች ቀስ ብላ።

"ከዚህ ላጥፋው። ግን አልዋሾትም፤ ዋጃ ገብቷል፣ አላማጣ ገብቷል። በብሉቱዝ ከእጅ ወደ እጅ ነው። እሱን ማን ይሰበስበዋል?"

ወሰንየለሽ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አለች።

"እንግዲያው ስሙን መልስበት። መዞሩ ካልቀረ፣ የማን እንደሆነ እየተናገረ ይዙር።"

"ሙሉው የለኝም፤ የቆረጥኩት ዋናው ቅጂ ላይ ነው። የካሳም ሚሞሪ ጅዳ ሄዷል። ስሙን ብቻ ካሉልኝ ግን እቀጥለዋለሁ።" መቅጃውን ከፍቶ ሞባይሉን ወደ አፏ አስጠጋላት። "ይበሉ።"

ሙሾውን ልታወርድ ጉሮሮዋን ጠረገች። የወጣው ግን ሌላ ድምፅ ነበር። ምሳ ሲደርስ ከደጃፍ ቆማ ወደ ማሳው የምትጣራበት፣ መጨረሻው ከፍ የሚል።

"አያሌው!"

"ከዜማው ጋር አይሄድም፣ እማማ" አለ ዘይኑዲን በለሆሳስ።

አልሰማችውም። ከቀብሩ ወዲህ ስሙን ጮክ ብላ ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነው። ጠርታም፣ እንደ ድሮው፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ከማሳው መልሱን ጠበቀች። ዘይኑዲን መቅጃውን ሊዘጋ ጣቱን ዘረጋና ተወው፤ ሞባይሉም የሴትዮዋን ዝምታ መቅዳቱን ቀጠለ።