የኡሙሃኒ ደም ውጤት

የቆቦ ሰው ኡሙሃኒን የሚያውቃት በቲማቲሟ ነበር። ባሏ ዘይኑዲን ጎሊና ወንዝ ዳር በመስኖ ያለማዋል፤ እሷ ገበያ ታወጣዋለች። በ1971 ዓ.ም. ግን ከንፈሯ እያበጠ፣ ገላዋ ሽፍ እያለ፣ ጉሮሮዋ እየተዘጋ መከራዋን ታይ ጀመር። ሕመሙ የጀመራት ጎረቤቷ ዓሊማ ቤት ምሳ በልታ በወጣችበት ቀን ስለነበር ሰዉ «ዓይን ነው» አላት። አመነች። አንድ አጥር እየተጋሩ ከዓሊማ ጋር ሰላምታ አቆመች።

ሕመሙ ግን አልለቀቃትም። ቃሪያ ተዪ ሲሏት ተወች፤ ሽንኩርትም ጎመንም ተወች። ከስታ ቀሚሷ ሰፋት። ቲማቲምን የጠረጠረው አልነበረም፤ አንዳንዴ በልታው ደህና ትውላለች።

በመጨረሻ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ወደ ደሴ ሆስፒታል ጻፈላት። የይለፍ ወረቀት ለማውጣት ቀበሌ አራት ቀን ተመላለሰች። የደሴው ሐኪም ደሟን ቀዳና፣ «የማይስማማሽ ምግብ አለ። የቱ እንደሆነ ከደምሽ ይታወቃል፤ ግን ምርመራው እዚህ የለም፣ ውጭ አገር ይላካል» አላት።

ከአምስት ወር በኋላ ስትመለስ ደሙ መንገድ ላይ ተበላሽቷል አሏት። ክንዷን እንደገና ዘረጋችላቸው።

ሁለተኛው መልስ ሲመጣ ዓመት አልፎ ነበር።

«ቲማቲም ነው» አላት ሐኪሙ። «ሁለተኛ እንዳትቀምሺ። በእጅሽም ባትነኪው ይሻላል።»

«ሌላውን ሁሉ ትቼ እሱ ብቻ ነበር የቀረኝ» አለች ቀስ ብላ።

ቆቦ ከአውቶቡስ እንደወረደች ወደ ቤቷ አልሄደችም። ዓሊማ ደጅ ላይ ማሽላ ስታበጥር አገኘቻት።

«ዓሊማ፣ ቲማቲም ነው አሉኝ። ያን ቀን ያቀረብሽልኝ ፍትፍት ቲማቲም ነበረው። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

ዓሊማ ቀና አላለችም። «ሁለት ዓመት ሙሉ ልጆችሽን ከደጄ ስታሸሺ ነበር።»

«አዎ።»

«ልጄን ስድር እንኳ አልመጣሽም።»

«አልመጣሁም።»

ዓሊማ ሰፌዱን አስቀምጣ በርጩማ ገፋ አደረገችላት። «ተቀመጪ፣ ደክሞሻል» አለች። ኡሙሃኒ በርጩማው ላይ ተቀመጠች፤ ዓሊማም ወደ ማሽላዋ ተመለሰች።

በቀጣዩ ዓመት ዘይኑዲን ማሳውን ሽንኩርት አደረገው። ዓሊማ በገበያ ስታልፍ «እንዴት ዋልሽ?» ትላለች፤ ኡሙሃኒም «አልሐምዱሊላህ» ትላታለች። እንደ ድሮው ተቀምጠው ለመጫወት ግን ገና ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው።