ልጆቻችንን ግራና ቀኝ የለኩልን ጋሽ መሐሪ

ጋሽ መሐሪ ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ማለዳ፣ እዚህ ካልጋሪ፣ ሞንተሬይ ፓርክ ሰፈር ባለው ቤታቸው በተኙበት አርፈዋል። ልባቸው ነው ተብሏል። እኔ የሰማሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው።

አስመራ ተወልደው፣ በአማርኛ ተምረው፣ አዲስ አበባ ስፖርት ያስተማሩ ሰው ነበሩ። ካልጋሪ የገቡት ደርግ በወደቀ ዓመት ነው። በሥራ ቀን ሰንሪጅ የገበያ አዳራሽ ጫማ ይሸጣሉ፤ ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ትምህርት ቤት ጂም ልጆቻችንን እግር ኳስ ያሠለጥኑ ነበር።

ሌላው አሠልጣኝ ልጅ ምን ያህል እንደሚሮጥ ይለካል። እሳቸው ግን በምን ፍጥነት እንደሚዞር ይለኩ ነበር፤ ያውም ግራውንና ቀኙን ለየብቻ። ወለሉ ላይ ቀይ ፕላስተር ይለጥፋሉ። ልጁ ሮጦ ፕላስተሩን በቀኝ እግሩ ረግጦ ይመለሳል፤ ካረፈ በኋላ በግራው ይደግማል። አንዱን ሰዓት እሳቸው፣ ሌላውን እኔ እንይዛለን። የሁለታችን ካልገጠመ ይሰርዙታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ እንደገና። «ያንድ ቀን ቁጥር ወሬ ነው» ይሉ ነበር። እኔ ቶሎ የሚሰለቸኝ ሰው ስለሆንኩ፣ «ጋሼ፣ ልብስ ሊሰፉላቸው ነው እንዴ?» እያልኩ እቀልድባቸዋለሁ። ፈገግ ብለው እርሳሳቸውን ይቀርጻሉ። አንዱ ወገኑ ዘገየ ተብሎ የተሸማቀቀ ልጅ ካዩ ደግሞ ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ «ልዩነት በሽታ አይደለም፤ ጥያቄ ነው» ይሉታል።

ልጄ ሊያ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። እዚሁ ስላደገች አማርኛዋ ከእንግሊዝኛ እየተተረጎመ የሚወጣ ነው። አንድ ቅዳሜ ከፕላስተሩ ስትመለስ፣ «ጋሼ፣ ላይክ፣ ስዞር ግራ ይገባኛል» አለቻቸው። ተምታቶባት ነው ብለን ሁላችንም ሳቅን። ጋሽ መሐሪም ሳቁና አሠራሩን ከመጀመሪያው ጀምረው አስረዷት።

«አሁንስ ገባሽ?»

«እሺ፣ ጋሼ» ብላ ወደ ሰልፏ ተመለሰች።

ከሦስት ቅዳሜ በኋላ ወረቀታቸውን ይዘው ጠሯት። ሊያ ከሁሉም ፈጣን ስለነበረች በግራዋ ዞራ እንኳ ሌሎቹን ትቀድማለች፤ ስለዚህ ማናችንም ልብ አላልንም። እሳቸው ግን ቀጥታ የሮጠችበትን ጊዜ ቀንሰው መዞሪያውን ብቻ ሲያስቀሩት፣ ግራዋ ከቀኟ በጣም ዘግይቶ ተገኘ፤ በየሳምንቱም ያው ነው።

«ሊያ፣ ያን ቀን ያልሽኝን እስቲ በእግርሽ አሳዪኝ» አሏት።

ግራ እግሯን ተክላ ዝቅ ስትል ጉልበቷ ወደ ውስጥ ታጠፈ። «ዩ ሲ፣ ጋሼ? ግራዬ ወደዚህ ይገባል። ደግሞ ያመኛል።»

ወረቀቱን አስቀመጡ። «አንቺ ነግረሽኝ ነበር፤ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።» ትልቅ ሰው ልጅን እንዲያ ከልቡ ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም ነበር።

በሳምንቱ የክፍለ ሀገሩ የወጣት ሴቶች ቡድን ምርጫ ነበር። ከመኪናዬ ላይ በረዶ ስጠርግ ጋሽ መሐሪ ብቻቸውን መጡ።

«ብርሃኑ፣ ዘንድሮ ትቅር። ሐኪም ይያት፤ እግሯንም እናጠንክር።»

«ጋሼ፣ ከሁሉም ፈጣኗ እሷ ናት እኮ!»

«አንተ የምታየው ስትሮጥ ነው። እኔ የማየው ስትቆም ነው።»

ተናደድኩ። የልጄን ዕድል በፕላስተርና በእርሳስ ሊያስቀሩባት ነው አልኩ። ቤት ገብቼም ለሊያ፣ «ጋሼ ሂጂ ብለዋል» አልኳት። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

በምርጫው ቀን ሊያ በግራ እግሯ ተክላ ልትዞር ስትል ወደቀች። የጉልበቷ ጅማት ተበጥሶ ኦፕሬሽን ተደረገላት። ጋሽ መሐሪ በማግስቱ ሆስፒታል መጡ፤ አንዲት የወቀሳ ቃል አልተነፈሱም። ከዚያም በዚያ ሁሉ ብርድ ከሥራ ሲወጡ እየመጡ፣ ቤዝመንታችን ውስጥ በአንድ እግር መቆምን እንደ ሕፃን አስተማሯት። ዛሬ ትሮጣለች።

በወላጆች መካከል ግን ወሬ ተነሣ። ጋሽ መሐሪ ለክተው ደህና ናት ያሏት ልጅ ጉልበቷ ተበጠሰ ተባለ። ጥቂቶች ልጆቻቸውን አስወጡ። ወሬው ከየት እንደመጣ አልጠየቅኩም፤ ፈርቼ ነው።

ያወቅኩት በቀብሩ ማግስት ነው። ሊያ እያለቀሰች፣ «ዳዲ፣ ያኔ ሆስፒታል ሲመጡ አስክ አድርጌያቸው ነበር። ‹ጋሼ፣ ሂጂ ብለዋል፣ ራይት?› ስላቸው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ከዛ ‹አዎ፣ ሰዓቴ አሳስቶኝ ነው› አሉኝ» አለችኝ። ለጓደኞቿም ያንኑ ነግራለች። ሁለት ጊዜ ያልለኩትን ቁጥር የማያምኑት ሰው፣ ልጄ በአባቷ እንዳታዝን ብለው ያልሠሩትን ስሕተት በስማቸው አስመዘገቡ።

ጋሼ፣ ለሊያ እውነቱን ነግሬያታለሁ። ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ ደግ አደረገች። እርስዎን ለሚያውቁ ሁሉ ደግሞ ይኸው ጻፍኩ፦ የለኩት ልክ ነበር፤ ልጄን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ይህን ቁመው ሳሉ ልነግርዎ ይገባ ነበር፤ አልነገርኩዎትም። እስከ ዛሬ የተሸከሙት የእኔን ነው። አሁን ያውርዱትና ይረፉ።