የኬዛያ ቃል

ዚላ ሆልጌት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቃል ስትለቅም ኖረች። ሥራዋ ይኸው ነው፤ ሌላ የላትም። በእንግሊዝ አገር ከዳር እስከ ዳር መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ሁሉ፣ ቄሱ፣ ጡረታ የወጣው ሻለቃ፣ ባል ያላገባችው የሐኪም ልጅ፣ እንግዳም ይሁን ተራ አንድ ቃል ዓይኑን ሲይዘው በብጣሽ ወረቀት ላይ ይገለብጠዋል። ቃሉ ከላይ በግራ ጥግ፤ ከሥሩ ዓመቱ፣ የመጽሐፉ ስም፣ ዓረፍተ ነገሩ። ብጣሹ በጆንያ እየታጨቀ ይላክና መዝገበ ቃላቱ በሚዘጋጅበት ቤት ዚላ ጠረጴዛ ላይ ይዘረገፋል። እሷ በፊደል ተራ ትለየዋለች፣ ቀጥሎ በትርጉም፣ ቀጥሎ በዕድሜ፣ አሮጌውን ከላይ አዲሱን ከታች፤ ከዚያ በክር አስራ ለዋናው አዘጋጅ ለሚስተር ፔልሃም ታቀርባለች። ስትቀጠር የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ መጽሐፉም ከመጀመሪያው አራተኛው ፊደል ላይ ነበር። አሁን ሃምሳ ሦስት ሞልቷታል፤ መጽሐፉ ከመጨረሻው አራተኛው ፊደል ላይ ደርሷል። ትዳር በየትኛው ፊደል ላይ እንዳለፋት እሷም አታስታውስም።

አታውቅም እንዳትሉ ታውቃለች። በእንግሊዝኛ ሌዲ የሚሏት እመቤት ከሺህ ዓመት በፊት «ሊጥ የምታቦካ» ማለት እንደነበረች ታውቃለች። ዊንዶው የሚሉት መስኮት «የነፋስ ዓይን» እንደሆነ፣ ከባሕር ማዶ በጀልባ የመጡ ወራሪዎች ትተውት እንደሄዱ ታውቃለች። ዎርልድ፣ ዓለም ማለት፣ መነሻው «የሰው ዕድሜ» ነው። ዎሪ፣ ጭንቀት ማለት፣ ድሮ «ማነቅ» ነበር፤ በእሷ አገር በግ አርቢዎቹ ውሻ በግ አንቆ ሲገድል ዛሬም እንደዚያው ይላሉ። ይህን ሁሉ ማወቅ መጀመሪያ ላይ ያስደስታት ነበር። ኋላ ግን ጎረቤት «ደኅና አደርሽ» ሲላት እንኳ ሰላምታው ከየት እንደመጣ ማሰብ ጀመረች፤ ይህ ደግሞ ዕውቀት አይባልም፣ በሽታ ነው እንጂ።

የተወለደችው በሰሜን ኮረብታዎች መሃል፣ ጋርስቢ በምትባል መንደር ነው። ከባቡር ወርዶ ሁለት ሰዓት በእግር ነው። እናቷ ኬዛያ እዚያ ሃምሳ ዓመት የሰው ልብስ አጥባ ልጆቿን አሳደገች። ኬዛያ አንድ ቃል ነበራት፤ «ዎስሊ»። ሥራው አልቆ፣ ገንዳው ተደፍቶ፣ ልብሱ ገመድ ላይ ወጥቶ፣ ሰው ለመቀመጥ እንኳ አቅም ሲያጣ፣ እንዲያው ቆሞ የሚቀርበት ድካም ነው። «ዛሬስ ዎስሊ ነኝ» ካለች ልጆቿ ወንበር አያቀርቡላትም፤ ዝም ብለው ያልፏታል። መንደሩም ይለዋል። ከመንደሩ ውጭ ግን የሚያውቀው የለም።

ዚላ በየዓመቱ በኦገስት ወር እረፍቷን ወስዳ ወደ ጋርስቢ ስትሄድ ኬዛያ ሻይ ሳትቀዳላት ትጠይቃታለች።

«የኔ ቃል ገባች?»

«ገና ነው እማዬ። ፊደሏ ጋ አልደረስንም።»

«ዘንድሮ የት ናችሁ?»

«ኤች ላይ።»

«ጎሽ። እናንተ ሳትጨርሱ ኢየሱስ ይመጣል።»

ታላቅ ወንድሟ ኢኖስ የድንጋይ ካባ ሠራተኛ ነው፤ ከእናቱ ጋር ይኖራል። እሱም ከጥግ ሆኖ ይጨምርበታል። «እኔ በአሥር ዓመት ግማሽ ተራራ ፈልጬ ጨረስኩ። እህት ዓለም ሃያ ስድስት ፊደል አቃታት።»

ቀልድ ይመስላል፤ ቀልድ አልነበረም። ዚላ ቲ ፊደል ላይ ሳለች፣ ኬዛያ ሰማንያ ዓመት ካለፋት በኋላ፣ እጇን ይዛ እንዲህ አለቻት። «ስሚ ልጄ፣ ያ መጽሐፍ የጌቶች ብቻ ነው? እኛ ዲዳ ሆነን ነው የኖርነው? አንዷን ቃሌን ካስገባሻት ኖሬ ነበር ማለት ነው። ከመሞቴ በፊት አሳይኝ።» ዚላም አሳይሻለሁ አለች። አፍ ሲከፈት ቀላል ነው፤ ቃል መግባት የሚከብደው ኋላ ነው።

ታዲያ ታላቁ ጦርነት ካለፈ በአምስተኛው ዓመት ፊደሉ፣ ደብልዩ፣ ደረሰ። የዎስሊ ክፍል በኦክቶበር መጨረሻ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል፤ ከሄደ አይመለስም። የቤቱ ደንብ ደግሞ አንድና የታወቀ ነው፦ ያልታተመ ቃል አይገባም። ዓመትና ገጽ ያለው ማስረጃ ከሌለ ንጉሥም ቢናገረው አይገባም። ዚላ ለዚህ ደንብ ስንቱን ብጣሽ ወደ መጣያው ሳጥን ወርውራለች፤ ስንት የዋህ ሰው «አያቴ ይሉት ነበር» ብሎ ጽፎላት «እናመሰግናለን፣ ግን» ብላ መልሳለች። አሁን ተራው የእሷ ሆነ። ጸደዩን ሙሉ ከሥራ ሰዓት ውጭ ፈለገች። የሰሜን ሰዎች የመዝሙር ወረቀት፣ የገበሬ የቀን መቁጠሪያ፣ የጸሎት ቤት ቃለ ጉባኤ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት ሁሉ አገላበጠች። ዓይኗ ደከመ። ዎስሊ የትም የለችም።

በኦገስት ስትሄድ ኬዛያ አልጋ ላይ ነበረች።

«ደረሳችሁ?»

«ደርሰናል።»

«ታዲያ?»

«ማስረጃ ጠፋ እማዬ።»

«ማስረጃ ምንድን ነው?»

«ቃሉን የተናገረ ሰው መኖሩ የሚታወቅበት።»

ኬዛያ ከትራሷ ቀና አለች። «እኔ አለሁ እኮ።»

«ሰው ማስረጃ አይሆንም» አለች ዚላ። ይህን ለእናቷ መናገሯ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

ኢኖስ ነው መላ ያመጣው። «የታተመ ነገር ነው የምትፈልጉት? አሳትማለኋ!» አለና፣ በሕይወቱ ደብዳቤ ጽፎ የማያውቀው ሰው ቁጭ ብሎ ለአውራጃው ሳምንታዊ ጋዜጣ ጻፈ። የመንደሩ የውኃ ቧንቧ ተሰብሯል፤ ሴቶቹ ከወንዙ ቀድተው ዳገቱን ሲወጡ ዎስሊ ይሆናሉ፤ የሚመለከተው ክፍል ይመልከት። ደብዳቤው በሴፕቴምበር ወጣ። ጋዜጣው በፖስታ ሲመጣላት ዚላ ቆማ ነው ያነበበችው። «...ሴቶቹ ዳገቱን ሲወጡ እጅግ ይደክማሉ» ይላል። የጋዜጣው አራሚ የተማረ ሰው ነው፤ የገበሬውን እንግሊዝኛ አቅንቶለታል። ኢኖስ በጠርዙ ላይ በእርሳስ «ይህን ሰውዬ ካባው ላይ ባገኘው» ብሎ ጽፎበታል፤ የቀረውን ትቼዋለሁ። ቧንቧው ግን ተጠገነ።

ሦስት ሳምንት ቀረ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሥራው ቤት ባዶ ሆኖ ዚላ ንጹሕ ብጣሽ ወረቀት ሳበች። በግራ ጥግ «ዎስሊ» ብላ ጻፈች። ዓመት፣ 1861። መጽሐፍ፣ የአንድ ገጠር ሰባኪ ስብከቶች፣ ገጽ አርባ ሁለት። ሰባኪው አልተወለደም፤ ስብከቱም አልተሰበከም። ዓረፍተ ነገሩን እንኳ አሳምራ ነው የጻፈችው። ማን ያያታል? ሚስተር ፔልሃም የእሷን ብጣሽ መርምሮ አያውቅም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ስትታመን ኖራለች። ከዓመታት በፊት አንድ ሽማግሌ መምህር ማስረጃ ከራሱ ፈጥሮ ሲልክ ደርሳበት ያጋለጠችው እሷ ነበረች፤ ሰውዬው ከኀፍረቱ የተነሣ ዳግመኛ አልጻፈም። ፊቱን አይታው አታውቅም፤ ያን ዕለት ግን ፊቱ መጣባት። ብጣሹን ምድጃው ውስጥ ጨመረችው። ቀለል አላላትም። ሐቀኛ ሰው ሁሌም ቀለል ይለዋል የሚል ካለ ሐቅ አልገጠመውም።

ከዚያ በኋላ አንገቷን ደፍታ የሌላውን ቃል ስትደረድር ሰነበተች። ኦክቶበር ሃያ አንድ ቴሌግራም መጣ። «እናታችን ዛሬ ጠዋት አረፈች። ኢኖስ።»

ባቡሩ ላይ አላለቀሰችም። ዳገቱንም ስትወጣ አላለቀሰችም። ቀብሩ አልቆ፣ ለቀስተኛው ኬዛያ ቤት ገብቶ ቀዝቃዛ ሥጋና ሻይ ሲቀርብለት፣ ኢኖስ ጥቁር ኮቱን እንደለበሰ ጥግ ወስዶ ጋዜጣ ዘረጋላት።

«የሞት ማስታወቂያው ነው። እኔ ነኝ የጻፍኩት። አራሚው እንዲነካው ስላልፈለግሁ ራሴ ወሰድኩለት። "ቃሉን የቀየርክ እንደሆነ እናቴን ሁለተኛ ገደልካት" አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ምን ይላል? የሞተ ሰው ቤተሰብ የጻፈውን አናርምም አለኝ። ይኸው።»

ትንሽ ነገር ናት፤ አራት መስመር። «ኬዛያ ሆልጌት፣ በሰማንያ አራት ዓመቷ። ለጋርስቢ ሃምሳ ዓመት ልብስ አጠበች። ዎስሊ ነበረች፤ አሁን ተቀምጣለች።» ከላይ ቀኑ፣ ከላይ የጋዜጣው ስም፣ ገጽ ሦስት። በዚላ እጅ ስንት ሺህ ማስረጃ አልፏል፤ እንዲህ ያለ የጎደለው ነገር የሌለ ማስረጃ አይታ አታውቅም። ሕያዋን ሲናገሩት ያልታተመ ቃል በሞት ታተመ።

«ዘግይቼ ይሆን?» አለ ኢኖስ።

«አልዘገየህም። ለመጽሐፉ አልዘገየህም» አለችው። ኢኖስ ጋዜጣውን አጥፎ ሰጣት።

ልማድ ክፉ ነው። በለቅሶ ቤት እንኳ ቃል ከየት እንደመጣ ሳትጠይቅ አትውልም። ከእናቷ ጎን ዕድሜዋን ሙሉ ስታጥብ የኖረች፣ ዚላና ኢኖስ አክስቴ እያሉ የሚጠሯት ጎረቤት ታማር ሰግደን ምድጃው ዳር ተቀምጣ ነበር። ዚላ ሻዩን አቀበለቻትና አጠገቧ ተንበረከከች።

«አክስቴ፣ ዎስሊ የሚለውን ከማን ነው የሰሙት?»

«ከናትሽ ነዋ።»

«እሷስ ከማን ሰማችው? ከእናቷ?»

«ከማንም። እናትሽ ናት ያወጣችው፤ አጠገቧ ነበርኩ።» ታማር ሻይዋን ፉት አለች። «አንቺ ገና ጡት ላይ ነበርሽ፤ ያ ወንድምሽ ደግሞ ኩፍኝ ይዞት ያለቅሳል። የጌቶቹን ትልቅ ቤት አንሶላ፣ አርባ ነበር፣ አጥበን አስጥተን ጨረስን። እሷ ግቢው መሃል ቆማ ቀረች። "ምነው ኬዛያ፣ ደከመሽ?" አልኳት። "አይ፣ ድካምስ አይደለም" አለች፤ ቃል ፈለገች፣ ፈለገች፣ ከዚያ "ዎስሊ ነኝ" አለች። ምንድን ነው እሱ ብለን በሳቅ ሞትን። በማግስቱ እኔው ራሴ አልኩት። ከዚያማ ሁሉም ያዘው፤ ለካስ ሁላችንም ነበረብን፣ ስም ነው ያጣንለት።»

ዚላ ሠላሳ አንድ ዓመት የቃል መነሻ ስትከታተል ኖራለች። መንገዱ ሁልጊዜ ጉም ውስጥ ያልቃል፤ ከሮም ሰዎች፣ ከወራሪዎቹ፣ ከዚያ ወዲያ የሚያውቅ የለም። አንድ ቃል ሲወለድ ቆሞ ያየ ሰው አግኝታ አታውቅም። አሁን አገኘች፤ ሴትዮዋ ሻይ ትጠጣለች፤ ቃሉ ሲወለድ ዚላ ራሷም እዚያው በእናቷ ክንድ ላይ ነበረች። ያን ጊዜ ነው ፊቷን በታማር ጉልበት ላይ ደፍታ ያለቀሰችው።

ከተማ ስትመለስ ክፍሉ ሊዘጋ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ጋዜጣውን ቆርጣ በብጣሽ ላይ ለጠፈችና ለሚስተር ፔልሃም ወሰደችለት። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ስሙን ሲያይ መነጽሩን አወለቀ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ሚስ ሆልጌት።»

«አሜን። ቃሉስ?»

«ይገባል። ቀኑ አለ፣ ገጹ አለ። አንድ ማስረጃ ጥቂት ነው፤ ግን ይበቃል። ትርጉሙን እርስዎ ይጻፉት፤ ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቀው የለም።» መነጽሩን መልሶ አጠለቀና «መነሻውስ?» አለ።

ነገረችው። ግቢውን፣ አርባውን አንሶላ፣ ኩፍኙን፣ የታማርን ሳቅ፣ ሁሉንም ነገረችው። ሳያቋርጣት እስከ መጨረሻው ሰማት።

«ይህ የታተመ ነገር ነው?»

«አይደለም። ያየች ሴት ግን በሕይወት አለች።»

«ሚስ ሆልጌት» አለ ቀስ ብሎ፣ «የሰማነውን አንጽፍም። ለአዲስ ገቢ ሁሉ ይህን የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎት።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ልጻፍልዎ?»

«አይ። እኔው እጽፈዋለሁ» አለች።

የማተሚያ ቤቱ መልእክተኛ ኮፍያውን ይዞ በር ላይ ይጠብቃል። ዚላ ቁጭ ብላ ብዕሯን ነከረች። ቃሉን ጻፈች። ትርጉሙን በሁለት መስመር ጻፈች፤ አንድም ቃል አልሰረዘችም። ቀኑን፣ ጋዜጣውን፣ የወንድሟን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ገለበጠች። የመነሻው ቦታ ላይ ስትደርስ የእናቷን ግቢ በዓይነ ኅሊናዋ እያየች፣ ቆማ የቀረችውን ሴት ከነስሟ እያወቀች፣ በዚያ በተለመደው ጥርት ያለ ጽሕፈቷ «ምንጩ አይታወቅም» ብላ ጻፈችና ወረቀቱን ለመልእክተኛው ሰጠችው።